የማዱራይ ንግሥት፦ ሂንዱ ያልሆነ ሰው የሚናክሺን ቤተ መቅደስ እንዴት ይጎበኛል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በሚቀጥለው ወር ለሥራ ወደ ደቡብ ሕንድ፣ ወደ ታሚል ናዱ ግዛት ስለምሄድ አንድ ሙሉ ቀን ለማዱራይ ከተማ ለመስጠት አስቤአለሁ። ማየት የምፈልገው የከተማዋ ጠባቂ እንስት አምላክ ተደርጋ የምትከበረውን የሚናክሺን ቤተ መቅደስ ነው። ሆኖም ሂንዱ ያልሆነ ሰው ወደ ውስጠኛው መቅደስ እንደማይገባ ሰምቻለሁ። የምሄደው ለማምለክ ሳይሆን አይቶ ለመረዳት ነውና፣ ዋናው ስፍራ ከተከለከለ የቀረው ሊደከምለት የሚገባ ነው ወይ? በሚጸልዩ ሰዎች መካከል ስመላለስስ ማንንም ላለማስቀየም ምን ልጠንቀቅ?

መልስ 1

ድካምዎ አይባክንም። እርግጥ ነው፣ ሚናክሺና ባሏ ሱንዳሬሽዋራር፣ ማለትም በዚህ ስም የሚመለከው፣ ከሂንዱ ታላላቅ አማልክት አንዱ የሆነው ሺቫ፣ ያሉባቸው ሁለት መቅደሶች ለሂንዱዎች ብቻ የተፈቀዱ ናቸው። ግቢው ግን እጅግ ሰፊ ነው። ጎፑራም የሚባሉ 14 የበር ማማዎች ሲኖሩት፣ ረጅሙ የደቡቡ ማማ ከ50 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከላይ እስከ ታች በአማልክት፣ በእንስሳትና በጭራቆች ባለቀለም ምስሎች ተሸፍኗል። የሺህ ዐምዶች አዳራሽ የሚባለው በቁጥር 985 ዐምዶች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱን ቆም ብለው ካላዩት በስተቀር የጠራቢዎቹ ጥበብ አይገለጽልዎትም። የወርቅ ሎተስ ኩሬ ዳር ደግሞ ደረጃው ላይ ጥቂት ይቀመጡ፤ በጥንት ጊዜ የቀረበ ድርሰት ወደዚህ ኩሬ ሲጣል መልካሙ ይንሳፈፍ፣ ደካማው ይሰጥም ነበር ይባላል።

ከሁሉ በላይ ግን ታሪኳን አስቀድመው ይወቁ። በእምነቱ መሠረት ልጅ ያጣ፣ ማዱራይን ይገዛ ከነበረው ከፓንድያ ሥርወ መንግሥት የሆነ ንጉሥ መሥዋዕት ሲያቀርብ ከእሳቱ ሴት ልጅ ወጣችለት፤ አድጋም ዙፋኑን ወርሳ ጦር እየመራች ብዙ አገር ካስገበረች በኋላ ነው ሺቫን አግኝታ ባሏ መሆኑን ያወቀችው። ማዱራይ የምታከብራት እንግዲህ የአምላክ ሚስት በመሆኗ ብቻ ሳይሆን የራሷ ንግሥት በመሆኗ ነው። ምእመናኑም አስቀድመው እርሷን፣ ቀጥለው ባሏን ይሳለማሉ። በሚያዝያ አካባቢ በሚከበረው የቺቲራይ በዓል ላይም በመጀመሪያ ዘውድ ትጭናለች፣ ሠርጓም ከዚያ በኋላ ይከተላል።

መልስ 2

ስለ ጥንቃቄው ባጭሩ ልመልስ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ፤ ጫማ ማውለቅ ለእኛ አዲስ ነገር ስላልሆነ አይቸግርዎትም፤ ድንጋዩ ግን በቀትር ፀሐይ እግር ያቃጥላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በግቢው ውስጥ ከደረሰው የእሳት ቃጠሎ በኋላ ሞባይል ስልክ ይዞ መግባት ስለተከለከለ፣ ከበሩ ውጭ ለማስቀመጥ ይዘጋጁ። እኔ በበኩሌ ይህን ክልከላ ወድጄዋለሁ፤ ሰው ፎቶ ከማንሳት ይልቅ ማየት ይጀምራል። ቤተ መቅደሱ ከቀትር በኋላ ለተወሰኑ ሰዓታት ስለሚዘጋ ጠዋት ወይም ማታ ይሂዱ። ሲዞሩም እንደ ምእመናኑ መቅደሱን በቀኝዎ በኩል አድርገው ይዙሩ።

መልስ 3

ክልከላው ቅር ካሰኘዎት አንድ ነገር ያስታውሱ። ያ በር ለብዙ ሂንዱዎችም ዝግ ነበር። በሕንድ የትውልድ መደብ (ካስት) ሥርዓት «የማይነኩ» ይባሉ የነበሩት ሰዎች፣ ራሳቸው ሂንዱ ሆነው ሳለ፣ ለዘመናት ከደጅ ቀርተዋል፤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 8 ቀን 1939 ቫይድያናታ አየር የተባሉ የነፃነት ታጋይ ከእነርሱ ጥቂቶቹን አስከትለው እስኪገቡ ድረስ። እኔ ግቢውን ስዞር ከማማዎቹ ይልቅ በልቤ የቀረው ይህ ነው፤ ዛሬ በነፃነት የሚገባው ሕዝብ ውስጥ የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆችም አሉና።

ሌላው ምክሬ ሌሊቱን እንዳያመልጥዎት ነው። ማታ ከመዘጋቱ በፊት የሱንዳሬሽዋራር ምልክት በትንሽ ቃሬዛ ተጭኖ፣ በከበሮና በዕጣን ታጅቦ ወደ ሚናክሺ መኝታ ክፍል ይወሰዳል። ባል ወደ ሚስቱ ቤት ይሄዳል እንጂ እርሷ አትመጣም። ጉዞው ወደ መቅደሷ እስኪገባ ድረስ እንግዳም ቆሞ ማየት ይችላል።

የጠያቂው ምላሽ

ከልብ አመሰግናለሁ። ደርሼ በዚያው ቀን ልመለስ የያዝኩትን የባቡር ትኬት ቀይሬ አንድ ሌሊት ለማደር ወስኛለሁ፤ ጠዋት ዐምዶቹን፣ ማታ ደግሞ ቃሬዛውን አያለሁ።