በግራ ሳንባ ዙሪያ እየተቀዳ የሚመለስ ውሃ፦ ቆሽትን መቼ እንጠርጥር?

ጥያቄ
ሰላም ባልደረቦች። ለዓመታት አልኮል የጠጣ ታካሚ ግራ ሳንባው ውሃ ቋጥሯል፤ ተቀድቶ በሳምንቱ ይሞላል። ልብ፣ ጉበትና ኩላሊት ደህና ናቸው፤ ቲቢም ካንሰርም አልታየም። ሆዱን አያመውም፤ የደም አሚሌዝ (ቆሽትና የምራቅ ዕጢዎች የሚያመነጩት ኢንዛይም) በጥቂቱ ብቻ ከፍ ብሏል። ይህ ከቆሽት ሊመጣ ይችላል?

መልስ 1
በሚገባ። አሁኑኑ የተቀዳውን ውሃ አሚሌዝ ያሠሩ። የደሙን ብቻ አይቶ መተው ነው ብዙውን ጊዜ የሚያሳስተው፤ እሱ ከደረት ውሃ ወደ ደም የተመጠጠ ስለሆነ ጭማሪው መጠነኛ ነው። ከቆሽት ወደ ደረት የሚያስገባ ፊስቱላ (መኖር የሌለበት ቀጭን መተላለፊያ) ካለ የውሃው አሚሌዝ በአብዛኛው በሊትር ከ1,000 ዩኒት ያልፋል፤ ከ10,000 በላይ መገኘቱም እንግዳ አይደለም። ፕሮቲኑም በዴሲሊትር ከ3 ግራም ይበልጣል።

የቆሽት ቱቦ በጀርባው በኩል ሲቀደድ ፈሳሹ ሽቅብ ይወጣና አኦርታ (ትልቁ የደም ቧንቧ) ወይም የምግብ ቧንቧ ዲያፍራምን (ደረትና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ) በሚያልፉበት ቀዳዳ ደረት ይገባል። በፊት በኩል ቢቀደድ ሆድ ውስጥ ይጠራቀም ነበር። ሆድ አለማመሙ ቆሽትን ነጻ አያወጣም፤ ብዙዎቹ የሚመጡት ትንፋሽ አጥሯቸው ነው።

መልስ 2
ላይፔዝም (ሌላው የቆሽት ኢንዛይም) አብሮ ይታዘዝ። የተቀደደ የምግብ ቧንቧና አንዳንድ ካንሰሮች፣ በተለይ የሳንባ አዴኖካርሲኖማ፣ አሚሌዝን ያንራሉ፤ የእነሱ ግን የምራቅ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ላይፔዙ ከቆሽቱ ለመለየት ይረዳል። አጣዳፊ የቆሽት ብግነት የሚያመጣው ውሃም አለ፤ እሱ ትንሽ ነው፣ ብግነቱ ሲበርድ ይጠፋል። ቀጥሎ ኤምአርሲፒ (የቆሽትና የሐሞት ቱቦዎችን የሚያሳይ የኤምአርአይ ምርመራ)። ሲቲ ስካን የቆሽቱን ካልሲየምና ሱዶሲስት (ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት) ጥሩ አድርጎ ያሳያል፤ ቀጭኑን መተላለፊያ ግን ሊስተው ይችላል። ውሃው በቀኝ ወይም በሁለቱም በኩል ቢሆንም ሐሳቡን አትጣሉት።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ከተረጋገጠ ቼስት ቲዩብ (የደረት ውሃ ማፍሰሻ ቱቦ) አስገብቶ መጠበቅ ይበቃል?

መልስ 3
አይበቃም። ትንፋሹን ያቀልለታል እንጂ ምንጩን አይዘጋም። ቆሽቱ እንዲያርፍ የአፍ ምግብ ቆሞ በአፍንጫ እስከ ጄጁነም (የትንሹ አንጀት መካከለኛ ክፍል) በሚደርስ ቱቦ ይመገብ፤ የቆሽትን ፈሳሽ የሚቀንሰው ኦክትሪዮታይድ ከ50 እስከ 250 ማይክሮግራም በቀን 3 ጊዜ ከቆዳ ሥር ይሰጥ። ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ነው።

ኤምአርሲፒ ላይ የቆሽቱ ቱቦ ከቀዳዳው ወደ አንጀት በኩል በጠጠር ወይም በጠባሳ ጠብቦ ከታየ ግን ያን ያህል አትጠብቁ፤ ግፊቱ እስካለ ቀዳዳው አይደፈንም። ያኔ ኢአርሲፒ (በአፍ በገባ ኢንዶስኮፕ የቆሽት ቱቦ የሚደረስበት ሕክምና) ተሠርቶ ስቴንት (ቱቦውን ከፍቶ የሚይዝ ቀጭን ቱቦ) ይገባል፣ ከተቻለ ቀዳዳውን ተሻግሮ። ቱቦው ሙሉ በሙሉ ከተቆረጠ ወይም ስቴንቱ ካልደረሰ ቀዶ ሕክምና ነው፦ የቆሽቱን ጭራ ማውጣት ወይም ቱቦውን ከጄጁነም ጋር ማገናኘት። በመሀል ትኩሳት ከመጣ ውሃው መግል ሆኖ ሊሆን ስለሚችል እንደገና ቀድታችሁ ለካልቸር (ጀርም ለማሳደግና ለመለየት የሚደረግ ምርመራ) ላኩ።