«ልብ አላልኩም»፣ «ተገነዘብኩ»፣ «ታየኝ»፦ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ነጠላ ሰረዝ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የሚሆን የሥነ ልቡና መግቢያ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ተያዝኩ። አንደኛው «ሕዋስ» ነው። ስለ ሰውነት በሚያወራው ምዕራፍ ሕዋስ የምለው በማይክሮስኮፕ የምትታየውን ትንሿን የአካል ክፍል ነው። ቀጥሎ ደግሞ «አምስቱ የስሜት ሕዋሳት» ብዬ ዓይንና ጆሮን እጠራለሁ። ተማሪው ዓይን አንድ ሕዋስ ነው ብሎ ቢያስብ አልፈርድበትም። ሁለተኛውና የባሰው ፐርሰፕሽን የሚሉት ነው፤ ዓይንና ጆሮ የተቀበሉትን አንጎል ተርጉሞ የሚያይበትና የሚሰማበት ሥራ ማለት ነው። ብዙዎች «ግንዛቤ» ይሉታል፤ እኔን ግን አልዋጥ አለኝ። «ልብ ማለት» ቢባልስ? እስቲ ሐሳብ ስጡኝ።

የሳይንስ መምህር፦
በሕዋስ ልጀምር። ግራ መጋባቱ የመጣው አንድ ቃል ሁለት ሥራ ስለያዘ ነው። ቀድሞ ሕዋስ ሲባል ማያው፣ መስሚያው፣ ማሽተቻው ነበር። ዐረቦችም እስከ ዛሬ የስሜት አካላትን «ሐዋስ» ይላሉ። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ቡሽ ውስጥ ላያቸው ትንንሽ ክፍሎች «ሴል» የሚል ስም አወጣ። ለእሱ አማርኛ ሲፈለግለት ነው ሕዋስ ሁለተኛ ሥራ የተጨመረበት። እኔ ክፍል ውስጥ ሕዋስን ለትንሿ እተወውና ዓይንና ጆሮን «የስሜት አካላት» እላለሁ። ያኔ «ዓይን ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት አሉ» ስል የሚደናገር የለም።

«አምስቱ» የሚለውንም ብታላሊው ደስ ይለኛል። ዓይንሽን ጨፍነሽ አፍንጫሽን በጣትሽ ንኪ። አትስቺውም። እጅሽ የት እንዳለ የነገሩሽ ጡንቻና መገጣጠሚያ ውስጥ ያሉ ተቀባዮች ናቸው። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ደግሞ የሚዛን አካል አለ። እሱ ሲታወክ ነው ብዙ ጊዜ «አዞረኝ» የምንለው። ሁለቱም ከአምስቱ ዝርዝር ውስጥ የሉም።

ብራና፦
እኔ ወደ ልብ ልምጣ። እህቴ፣ «አየ» እና «ልብ አለ» በጣም ይለያያሉ። እጁ ላይ ያለውን ሰዓት አይቶ፣ ወዲያው «ስንት ሰዓት ሆነ?» ሲሉት እንደገና የሚያይ ሰው አለ። አይቷል፤ ልብ አላለም። «ልብ ገዛ» ሲባል በሰለ ማለት ነው። «ልብ ወለድ» ልብ የፈጠረው ነው። አንቺ የምትጽፊበት ሥነ ልቡና ራሱ የቆመው እዚሁ ቃል ላይ ነው። የጥንት ሰው ሐሳብን ልብ ውስጥ ያኖረው ነበር። አርስቶትልም እንዲሁ። ዛሬ አንጎል ነው ብንልም ቃሉ ቦታውን አልለቀቀም፤ ባይለቅም ጥሩ ነው። እንግዲህ ልብ ማለት ትኩረት ብቻ አይደለም። ትኩረት ያረፈበትን ነገር መያዝም አለበት።

ድርብ ሰረዝ፦
ጋሼ ብራና ያሉትን በደንብ የሚያሳይ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የሥነ ልቡና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ ለሰዎች አንድ ቪዲዮ አሳዩ። ነጭ የለበሱት ስንት ጊዜ ኳስ እንደተቀባበሉ ቁጠሩ ተባሉ። በመሃል የጎሪላ ልብስ የለበሰች ሴት ገብታ፣ ደረቷን ደልቃ ወጣች። ከተመልካቹ ግማሽ ያህሉ ምንም አላየንም አለ።

እኔን የበለጠ ያስገረመኝ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሌላ ሙከራ ነው። የራጅና የሲቲ ስካን ምስል ማንበብ ሙያቸው የሆነ 24 ሐኪሞች የሳንባ ምስል ላይ እባጭ እንዲፈልጉ ተደረገ። አንዱ ምስል ላይ የጎሪላ ሥዕል ተጨምሯል። መጠኑ ከሚፈልጉት እባጭ በአማካይ 48 እጥፍ ይበልጣል። 20ዎቹ አላዩትም። የዓይናቸውን እንቅስቃሴ የሚከታተል መሣሪያ ነበርና፣ ካላዩት መካከል የአብዛኞቹ ዓይን በቀጥታ ጎሪላው ላይ አርፎ ማለፉ ታወቀ። ብርሃኑ ዓይናቸው ገብቷል። «ትኩረት አልሰጡም» ብንል እንበድላቸዋለን። ትኩረትማ ሰጥተዋል፤ ለእባጩ። ልብ አላሉትም ነው የሚባለው። ከዚህ የተሻለ አማርኛ አላገኘሁም።

ነጠላ ሰረዝ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ልብ ማለትን ያዝኩት። ግን ፐርሰፕሽንን በሙሉ ይሸፍናል?

የሳይንስ መምህር፦
አይሸፍንም። «ግንዛቤ» ደግሞ ጭራሽ ይስታል። ፍራንዝ ሙለር ላየር የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1889 ያወጣውን ሥዕል ሞክሪው። ሁለት እኩል መስመሮች አስምሪ። የአንዱ ጫፎች ላይ እንደ ቀስት ራስ ወደ ውስጥ የተመለሱ ጭረቶች አድርጊ። የሌላው ጫፎች ላይ ወደ ውጭ የተከፈቱ። ሁለተኛው ረዝሞ ይታይሻል። በማስመሪያ ለኪያቸው፤ እኩል ናቸው። አሁን ተገንዝበሻል። መልሰሽ እያቸው። አሁንም ሁለተኛው ረዝሞ ይታይሻል! ግንዛቤው መጥቶ የታየሽ ነገር ካልተለወጠ፣ ሁለቱ አንድ ሊሆኑ አይችሉም። ግንዛቤ ለማወቅ ይቅርልን። «የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ» ሲባል የሰማ ተማሪም ቃሉን የሚረዳው በዚያ በኩል ነው።

ብራና፦
መምህር፣ «ይታይሻል» ያሉት ላይ ልቁም። ታየኝ፣ ሸተተኝ፣ ጣፈጠኝ፣ ሞቀኝ፣ ከበደኝ። ግሡ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኝ» ሥራ አላት። «ውሃው ቀዝቃዛ ነው» ስል ስለ ውሃው ነው የምናገረው። «በረደኝ» ስል ስለ ራሴ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የጻፈው ነገር አለ። አንዱን እጅ ሙቅ፣ ሌላውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቆይቶ ሁለቱንም ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መክተት ነው። ከሙቁ የወጣው እጅ ይቀዘቅዘዋል። ከቀዝቃዛው የወጣው ይሞቀዋል። ውሃው አንድ ነው።

የሳይንስ መምህር፦
ምክንያቱም ቆዳ ውስጥ ያሉት ተቀባዮች ቴርሞሜትር አይደሉም። የነበሩበትን ሙቀት ይላመዱና በዋናነት ለውጡን ነው ወደ አንጎል የሚልኩት።

ነጠላ ሰረዝ፦
ይህ ምዕራፉ ውስጥ ይገባል። እግረ መንገዴን፣ ሪፍሌክስን፣ ማለትም ሳናስብ የሚመጣውን ፈጣን የአካል ምላሽ፣ «ደመነፍስ» ብዬዋለሁ። ያስኬዳል?

የሳይንስ መምህር፦
ይሰፋል። «በደመነፍስ ሮጥኩ» የሚል ሰው መላ ሰውነቱን ነው ያንቀሳቀሰው። ሪፍሌክስ ግን ጠባብ ነው። ጣት የጋለ ምጣድ ሲነካ መልእክቱ ኅብለ ሰረሰር ደርሶ ወዲያው ወደ ጡንቻ ይመለሳል። እጅ ከተነሳ በኋላ ነው ሕመሙ የሚሰማን። ደመነፍስን ለእንስሳት ተፈጥሯዊ ጠባይ ብታቆዪው ይሻላል። ሪፍሌክስን እንዳለ ጻፊው።

ነጠላ ሰረዝ፦
እሺ። ለጊዜው እንዲህ አድርጌዋለሁ። የአካላቱ ሥራ «ስሜት መቀበል»፣ የአንጎል ሥራ «ስሜትን መተርጎም»፣ መሃል ላይ «ልብ ማለት»። ምሳሌዎቹን ሁሉ በ«ታየኝ» እና «በረደኝ» እጽፋቸዋለሁ።

ድርብ ሰረዝ፦
«ስሜትን መተርጎም» ደስ ብሎኛል። አንድ ስጋት ግን አለኝ። «ስሜታዊ ሆነ» ሲባል ተናደደ ወይም ሆዱ ባባ ነው የምንረዳው። ተማሪው ያንን ይዞ እንዳይመጣ ቁጣና ሐዘን ያሉበትን ምዕራፍ ከዚህ አርቂው። እዚህኛው ላይ ደግሞ «ስሜት» ብቻውን አይቁም። «የማየት ስሜት»፣ «የሙቀት ስሜት» እያልሽ አስደግፊው።