ጥቆማ፦ ከአብሌሽን በኋላ የልብ ምት መከታተያ የቱ ይሻላል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ለኤትሪያል ፊብሪሌሽን፣ ማለትም ለልብ ምት መዛባት፣ አብሌሽን (በደም ሥር ቱቦ አስገብቶ ምቱን የሚያዛባውን የልብ ሥጋ ጠባሳ ማድረግ) ተሠርቶለት ቤት ገብቷል። ልቡ ድው ድው ባለ ቁጥር ድንገተኛ ክፍል እንሮጣለን፤ ወጪው አስጨንቆናል። ቤት ሆነን ምቱን በምን እንይ? ስማርት ሰዓት ወይስ ካርዲያ የሚባለው ትንሽ የልብ ምት መቅጃ?

የካርዲያ ሰው፦ ካርዲያ! ሌላ አትፈልጊ። ጣት ማስቀመጥ ነው፣ 30 ሰከንድ፣ አለቀ። እናቴ ከጎኗ አይጠፋም።

ባለሰዓት፦ አፕል ዎችም ከሲሪስ 4 ጀምሮ ያንኑ 30 ሰከንድ ይቀዳል። ደሞ እጅ ላይ ነው፣ አይረሳም።

የካርዲያ ሰው፦ ይሁና። እኔ ካርዲያ ብያለሁ።

የተቃጠለ፦ ዕቃውን ተዉት። እኔ ልቤ መልሶ ሲዛባ «ከሽፏል» ብለው አስተኙኝ። የደም ምርመራው፣ አልትራሳውንዱ፣ ሁሉም እንደ አዲስ። በኋላ ሐኪሜ «ጠባሳው ገና አልዳነም፣ የሚጠበቅ ነው» አለኝ። ስወጣ ይህን የነገረኝ የለም! ሂሳቡን ስከፍል እንባዬ መጣ።

እንግዳ፦ የግፊት መለኪያም ግዙ። እኔማ ደም ማቅጠኛውን ትቼዋለሁ፣ ውድ ነው። ልቤም ሰላም ነው።

የተቃጠለ፦ ጎበዝ! ስትሮክ ሲመጣ በቆጠብከው ትታከማለህ።

ነርሷ፦ የልብ ክፍል ነርስ ነኝ። እንግዳ፣ እባክህ ዛሬውኑ ሐኪምህን አነጋግር። ማቅጠኛው ከአብሌሽን በኋላ ቢያንስ 2 ወይም 3 ወር ይወሰዳል። ከዚያ በኋላም የሚወስነው የስትሮክ ስጋትህ እንጂ የልብህ ዝምታ አይደለም፤ ዕድሜ፣ ግፊት፣ ስኳር ይታያል። ዋርፋሪን ይረክሳል፣ ግን የአይኤንአር (ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚለካ) ምርመራውን ደምሩበት።

እህቴ፣ ሁለቱም ዕቃዎች ይሠራሉ። ሙሉ ሌሊት ለመቅዳት ግን ሆልተር፣ ደረት ላይ ተለጥፎ ሳያቋርጥ የሚቀዳው፣ ነው። ሰዓቱም ካርዲያውም ሃርት አታክን አይለዩም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ምቱ ቢዛባም አባትሽ ደህና ከሆኑ፣ ቅጂውን ለሐኪማቸው ልከሽ ጠይቂ። ራስ መሳት፣ የደረት ሕመም፣ የአፍ መጣመም፣ ቱቦው ከገባበት ብሽሽት የማይቆም ደም ግን ቀጠሮ አይጠብቁም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳት ወይም ሲውጡ ሕመም ከመጣም እንደዚያው። ብርቅ ነው፣ ግን የምግብ ቧንቧ ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ ይገድላል።

ጠያቂ፦ ትናንት ስውጥ ያመኛል ብሎ ነበር። ጉሮሮ ነው ብለን አለፍነው። ልደውል።

ነርሷ፦ አሁኑኑ ደውዪ። የሚያያቸው ሐኪም ማንም ይሁን፣ አብሌሽን መሠራታቸውን አስቀድመሽ ንገሪ። ሲቲ ስካን ሳይነሱ ኢንዶስኮፒ (በአፍ የሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ) እንዳይገባባቸው።