«ያልተጓዘ ሰው ኖረ አይባልም»? ማን ነው ያለው?

ቤተኛ፦ ትናንት አንድ የጉዞ ፕሮግራም አቅራቢ «ደስታ ያለው መንገድ ላይ ነው፤ ያልተጓዘ ሰው ኖረ አይባልም» ሲል ሰማሁ። በጣም ነው ያናደደኝ። ፈላስፋው ካንት ዕድሜውን ሙሉ ከትውልድ ከተማው ከኮኒግስበርግ ብዙ ሳይርቅ ነው ያን ሁሉ ፍልስፍና የጻፈው። እሱም አልኖረማ!

መንገደኛ፦ ካንትን ተወው። አዲስ ከተማ ስትገባ ዓይንህ ይከፈታል። የሰዉ አረማመድ፣ የመስኮቱ ቀለም ሳይቀር ይታይሃል። ሰፈርህ ውስጥ የትኛውን መስኮት ነው ልብ ብለህ ያየኸው?

ቤተኛ፦ ፊት ለፊቴ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን። እዚያ ያሉት እናት እስከ ረፋድ መጋረጃ ካልከፈቱ ሄጄ በራቸውን አንኳኳለሁ። ይህንን ጎብኚ ከየት ያመጣዋል?

ቁጥር ወዳድ፦ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት አለ። ከ1,500 በላይ ሰዎች ተጠይቀዋል። ለዕረፍት የሚሄዱት ከማይሄዱት ይበልጥ ደስተኛ የነበሩት ከመሄዳቸው በፊት ነው። ሲመለሱ ልዩነቱ ጠፋ። ትንሽ የቆየላቸው በጣም ዘና ብለው ለከረሙት ብቻ ነው።

መንገደኛ፦ መጓጓቱም እኮ የጉዞው አካል ነው! ቤቱ የተቀመጠ ሰው ምን ይጓጓል?

አስታማሚዋ፦ እኔ «ኖረ አይባልም» የምትለዋን አለቅም። እናቴን አስታምማለሁ፤ የትም መሄድ አልችልም። አልኖርኩም?

መንገደኛ፦ እህቴ፣ አንቺን ማለቱ አይደለም።

አስታማሚዋ፦ «ያልተጓዘ ሰው» ነው ያለው። እኔ አልተጓዝኩም። ታዲያ ማንን ነው?

ባሕር ማዶ፦ ቦታ ለውጥ አያመጣም የምትሉም ተሳስታችኋል። አገሮችን በደስታ የሚያወዳድረው የዓለም ደስታ ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2018 ስደተኞችን ለይቶ አይቶ ነበር። የደስታ መጠናቸው ከሄዱበት አገር ተወላጆች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ነው የተገኘው።

ቤተኛ፦ እሱ መኖር ነው እንጂ መጎብኘት አይደለም! ለኔ ነው የመሰከርክልኝ።

ባሕር ማዶ፦ ሳልሄድ እንዴት እኖር ነበር?

ቁጥር ወዳድ፦ ሪፖርቱ «ደስ ብሎሃል ወይ» አይልም። ሕይወትህን ከ0 እስከ 10 ባለው መሰላል ላይ አስቀምጥ ነው የሚለው። ፊንላንድ አንደኛ የምትወጣውም በዚሁ ነው።

መንገደኛ፦ አሁን ፊንላንድን ምን አመጣት?

አስታማሚዋ፦ ጥያቄዬን አልመለስክም።

መንገደኛ፦ አጋኖ ተናግሯል፤ እሺ። ሐሳቡ ግን ልክ ነው።

አስታማሚዋ፦ የተጋነነው ነው እኮ ሐሳቡ።