የዕቅድ ውይይት፦ የቀደምት አብራሪዎች ተዘዋዋሪ ዓውደ ርእይ (የአዲስ አበባና የቺካጎ አባላት የጋራ ፕሮፖዛል)

ጸሐፊ፣ አዲስ አበባ፦
እንደምን ሰነበታችሁ? በስብሰባው በተስማማነው መሠረት ረቂቁን ጀምሬዋለሁ። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚዞር፣ ተጣጥፎ የሚጫን ዓውደ ርእይ ነው። ርእሱን ለጊዜው «የአየር ጀግኖቻችን» ብዬዋለሁ። የመጀመሪያው ሰሌዳ በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 አውሮፕላን ከጅቡቲ አብርሮ አዲስ አበባ ያስገባበትን ቀን ያሳያል። ቀጥሎ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ፣ ከዚያ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ የበረረው ጥቁር አሜሪካዊ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን፣ በመጨረሻም በ1957 እ.ኤ.አ. ዲሲ-3 አውሮፕላንን በካፒቴንነት ያበረሩት ዓለማየሁ አበበ ይመጣሉ። ሰፊው ቦታ የሮቢንሰን ነው፤ መሃል ላይ ጦርነቱን አድርጌዋለሁ። እርማታችሁን ወዲህ በሉ።

አባል፣ ቺካጎ፦
ጸሐፊያችን፣ እጅህ ይባረክ። በአንድ ነገር ግን እሟገትሃለሁ። ሮቢንሰንን ከጦርነቱ ከጀመርነው ተማሪዎቹ ሰውየውን ሳያውቁት ይቀራሉ።

እሱ ሚሲሲፒ፣ ገልፍፖርት ያደገ፣ ተስኪጊ በሚባለው የጥቁሮች ትምህርት ቤት ሙያ የተማረ መካኒክ ነው። ቺካጎ መጥቶ መኪና እየጠገነ ሲኖር ከርቲስ ራይት የሚባለው የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ጥቁር ስለሆነ አልቀበልም አለው። እሱም እዚያው የጽዳት ሥራ ያዘና ክፍሉን እየጠረገ ትምህርቱን ከጥግ ሆኖ ይከታተል ነበር። ውሎ አድሮ እሱም ጓደኛው ኮርኔሊየስ ኮፊም ገብተው ተመረቁ። ትምህርት ቤቱ ጥቁር ተማሪዎችን መቀበል ሲጀምር መምህራኑ እነሱ ሆኑ! የሚያሳርፋቸው ሜዳ ሲያጡ ደግሞ ከቺካጎ በስተደቡብ ባለችው በሮቢንስ፣ ጥቁሮች በሚያስተዳድሯት ትንሽ ከተማ፣ በገዛ እጃቸው ሜዳ ደልድለው ሃንጋር (የአውሮፕላን መጠለያ) ሠሩ። በ1933 እ.ኤ.አ. ማዕበል ሃንጋሩንም አውሮፕላኖቹንም ሰባበረባቸው፤ እነሱ ግን ማስተማራቸውን ቀጠሉ። በዓመቱ ሮቢንሰን ወደ ተስኪጊ በርሮ «እዚህም የበረራ ትምህርት ይከፈት» ብሎ የቀድሞ ትምህርት ቤቱን ወተወተ።

አሜሪካ ሕክምና የተማሩት ኢትዮጵያዊው ዶክተር መላኩ በያን ያገኙትና ወደ ኢትዮጵያ የጋበዙት ይህንን አስተማሪ ነው። ከወረራው በኋላም በ1944 እ.ኤ.አ. ከጥቂት ባለሙያዎች ጋር ተመልሶ የሠራው ሥራ ያው ነበር፤ የእኛን ልጆች ማሠልጠን። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ በደረሰበት ጉዳት አርፎ ጉለሌ ተቀበረ። ስለዚህ የዓውደ ርእዩ ማዕከል ማስተማሩ ይሁን እላለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ የጦር አዛዥ ሲያይ አድንቆ ያልፋል፤ መጥረጊያ ይዞ ትምህርት የሚሰማ ሰው ሲያይ ግን ቆም ብሎ ስለ ራሱ ያስባል።

ጡረተኛ የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሺያን፣ አዲስ አበባ፦
የቺካጎው ወንድማችን ያለው ልክ ነው። ቢሆንም ልጆቼ፣ የጦርነቱን ሰሌዳ አታውጡት፤ አስተካክሉት። ረቂቁ ላይ «ከጠላት ጋር በአየር ተፋለመ» የሚለው ይሰረዝ። ያኔ የነበሩን አውሮፕላኖች አሥራ ምናምን ቢሆኑ ነው፤ ያረጁ ናቸው፣ ከነሱም የማይነሱ ነበሩ። ጣሊያን ያሰለፈው በመቶ የሚቆጠር ነው። የሮቢንሰን ሥራ መልእክት፣ ሰውና መድኃኒት ማመላለስ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ዓድዋ በቦምብ ስትደበደብ እዚያው ነበር። የጠላት አውሮፕላን በሞላበት ሰማይ፣ ያለ በቂ መሣሪያ፣ ሰውና ወረቀት ይዞ መመላለስ ከፍልሚያ አያንስም።

ልጆቹ የችግሩን ልክ እንዲረዱት ከፈለጋችሁ ስለ ከፍታ አስረዷቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ነው። የያኔዎቹ አውሮፕላኖች ሞተር አየር የሚያምቅለት ነገር የለውም፤ ስለዚህ ገና መሬት ላይ ሳለ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ክንፉም በስስ አየር ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ጉልበቱ ቀንሶ ሳለ ይበልጥ መፍጠን አለበት ማለት ነው፤ መንደርደሪያው ይረዝማል። ሜዳው ደግሞ አስፋልት አይደለም፤ ክረምት ሲሆን ጎማው ጭቃ ይይዛል። ከተነሳ በኋላ በደሴ መስመር ጣርማ በር አካባቢ መሬቱ ራሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ፖቴዝ 25 ባለ ሁለት ደርብ ክንፍ ነው፤ ክንፉ በሸራ የተሸፈነ፣ አብራሪው የሚቀመጥበት ክፍት። ብርዱን አስቡት።

ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ያለውን መሬት በጎን የሚያሳይ ሥዕል እኔ አዘጋጃለሁ። የፊዚክስ መምህራን ደስ ይላቸዋል።

የታሪክ መምህርት፣ አዲስ አበባ፦
ጋሼ፣ ሥዕሉን በጉጉት እንጠብቃለን፤ ክፍል ውስጥ ከማንኛውም ፎቶ በላይ ይሠራል።

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ረቂቁ ውስጥ አንዲትም ሴት የለችም። ከማስተምራቸው ግማሾቹ ሴቶች ናቸው፤ ምን ብዬ ላሳያቸው? በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በረራ መማር የጀመረችውን፣ በወረራው ምክንያት ትምህርቷ የተቋረጠባትን ሙሉእመቤት እምሩን እናስገባ። በ2010 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆነችው አምሳለ ጓሉም ትግባ። ከአሜሪካ በኩል ደግሞ ቤሲ ኮልማን አለች፤ በአገሯ የሚያስተምራት አጥታ ፈረንሳይ ሄደች፣ በ1921 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉን የአየር ፌዴሬሽን ፈቃድ ይዛ ተመለሰች። መቃብሯ ቺካጎ ነው። እነ ሮቢንሰን በየዓመቱ በመቃብሯ ላይ እየበረሩ አበባ ይጥሉላት ነበር። እሷን ካስገባን የቺካጎው ታሪክ ከኛው ጋር ይያያዛል።

ወጣት አባል፣ አዲስ አበባ፦
ጥቁሩ አብራሪ ሁበርት ጁልያንስ? ከሮቢንሰን በፊት የመጣው እሱ አይደል?

አባል፣ ቺካጎ፦
አዎ፣ በ1930 እ.ኤ.አ. መጥቷል። ከዘውድ በዓሉ ጥቂት ቀደም ብሎ የንጉሡን አውሮፕላን ሰብሮ ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። በ1935ም ተመልሶ ነበር፤ ከሮቢንሰን ጋር ግን አልተስማሙም። ከኒው ዮርክ፣ ሃርለም ድረስ ለኢትዮጵያ ብሎ መምጣቱ ይጻፍለት፤ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል ባይ ነኝ። የራሱ ሰሌዳ ከተሰጠው ወሬው ሥራውን ይውጠዋል።

ገንዘብ ያዥ፣ አዲስ አበባ፦
ሰሌዳ በጨመራችሁ ቁጥር የኅትመትና የመጓጓዣ ወጪ ይጨምራል። ከስድስት አንለፍ። የፎቶዎቹን ፈቃድ ቺካጎዎች ከጨረሱልን የቀረውን ከአባላት መዋጮ እንሸፍናለን። ደግሞ በ1935 እ.ኤ.አ. እዚሁ የተሠራችው «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን ከጣሊያን የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው፤ ተማሪዎቹ በዜና ሰምተዋታልና ለእሷ ቦታ ሳትተዉ እንዳትቀሩ።

ጸሐፊ፣ አዲስ አበባ፦
ሁሉንም አንብቤ ዓላማውን እንደገና ጽፌዋለሁ፦

«ይህ ዓውደ ርእይ በረራን ለመማር በሩ የተዘጋባቸው ሰዎች እንዴት ከፍተው እንደገቡና ሌሎችን እንዴት እንዳስገቡ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ያሳያል። የጆን ሮቢንሰን ሕይወት መሃሉን ይይዛል፤ በመጀመሪያ በመምህርነቱ፣ ቀጥሎ በጦርነቱ ጊዜ አገልግሎቱ። ባቢቼፍ፣ አስፋው አሊ፣ ሙሉእመቤት እምሩ፣ ቤሲ ኮልማን፣ ዓለማየሁ አበበና አምሳለ ጓሉ በዙሪያው ይቀርባሉ።»

«የአየር ጀግኖቻችን» የሚለውን ርእስ ትቼ «ለመብረር የተማሩ» ብዬዋለሁ። ጁልያን በሮቢንሰን ሰሌዳ ላይ አንድ አንቀጽ ይኖረዋል፤ «ፀሐይ» ከፖቴዙ ጎን በመጀመሪያው ሰሌዳ ትገባለች። ስድስት ሰሌዳ፣ አልጨመርኩም።

የታሪክ መምህርት፣ አዲስ አበባ፦
ተስማምቻለሁ። አንድ ብቻ፦ እያንዳንዱ ሰሌዳ ግርጌ ተማሪው የሚመልሰው ጥያቄ ይኑር።

አባል፣ ቺካጎ፦
እኛም ተስማምተናል። የፎቶ ፈቃዱን በዚህ ወር እንጨርሳለን። የሮቢንስን ሜዳ ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ።

ጸሐፊ፣ አዲስ አበባ፦
እንግዲያው ጋሼ የከፍታውን ሥዕል፣ መምህርታችን ጥያቄዎቹን እስከ መጪው እሑድ ላኩልኝ። ወጣቱ አባላችን ከእኔ ጋር ጉለሌ ሄዶ የመቃብሩን ሁኔታ ፎቶ ያነሳል፤ እድሳት የሚፈልግ ከሆነ በፕሮፖዛሉ ላይ ለብቻው መጠየቅ አለብን።