የፊውዝ መያዣዎቹ አረንጓዴ ሆነውብኛል፤ በምን ላጽዳቸው?

ጠያቂ፦
እ.ኤ.አ. የ1965 ቮልስዋገን አለኝ፤ ባለ 6 ቮልት ነው። በእኔው ስንፍና ሁለት ክረምት ሳይነዳ ቆመ። ሞተሩ ይነሳል፤ የግራ የፊት መብራቱ ግን እንደ ሻማ ነው። አምፖል ብቀይርም ለውጥ የለም። የፊውዝ ሳጥኑን ብከፍት መያዣዎቹ አረንጓዴ ዱቄት ለብሰዋል። ፊውዙን በጣቴ ሳሽከረክረው መብራቱ ቦግ ይልና መልሶ ይፈዛል። በብርጭቆ ወረቀት ልፈግፍጋቸው ወይስ ሳጥኑን ልቀይረው?

መላሽ 1፦
መቀየር ምን አመጣው? አቼቶ ላይ ጨው ጨምረህ በጥጥ ቀባው። በአምስት ደቂቃ ወርቅ ይመስላል።

መላሽ 2፦
ወርቅስ ይመስላል፤ እኔም አድርጌው ነበር። በወሩ ከበፊቱ የባሰ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀኝ፤ የቀረው አሲድና ጨው መዳቡን መብላቱን አላቆመም። አቼቶ ተፈትቶ ለሚወጣ ነገር ነው፤ ያውም ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ታጥቦ በደንብ ከደረቀ።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፍታ። ቁልፉ ቢዘጋም ኤሌክትሪክ የማይለያቸው መያዣዎች አሉ። ከዚያ በፋይበርግላስ ብዕር (ጫፉ የመስታወት ክር የሆነ መፈግፈጊያ) ፊውዙ የሚነካበትን ጉድጓድ ብቻ ፈግፍግ፤ ጓንት ካላደረግህ ስንጥሩ ለቀናት ከጣትህ አይወጣም። የብረት ሱፍ አታስጠጋ፤ ክሩ ተበጥሶ ሁለት መያዣ ካገናኘ ሌላ ጣጣ ነው። ሻካራ ብርጭቆ ወረቀትም የላዩን ልባጥ ይገፈዋል። ሁሉም የሚረሳው ግን መያዣው መላላቱን ነው፤ በጉጠት ትንሽ ወደ ውስጥ አጥብቀው። ፊውዙንም በዚያው አምፔር አዲስ ተካው፤ የእሱም ጫፍ ዝጓል።

ባለ 6 ቮልት መኪና ምሕረት የለውም። 6 አምፔር በሚያልፍበት መስመር 0.1 ኦም እንቅፋት ብቻ 0.6 ቮልት ይበላል፤ ከመብራትህ አንድ አስረኛው ቮልት መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ዓይንህን አትመን። ባትሪውን መልሰህ፣ መብራቱን አብርተህ የቮልት መለኪያውን በፊውዙ ሁለት ጎን ባሉት የሽቦ ጫፎች ላይ አድርግ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየህ ገና አልጸዳም።

ጠያቂ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከማጽዳቴ በፊት 0.9 ነበር፤ አሁን 0.08 ሆኗል። መብራቱ ግን አሁንም ከቀኙ ትንሽ ይፈዝዛል።

መላሽ 2፦
እንግዲያው ማሳው ነው፤ ኤሌክትሪኩ በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት መስመር። ከአምፖሉ ማሳ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ለካ።

ጠያቂ፦
0.5! የማሳውን ብሎን ፈታሁት፤ ከሥሩ ቀለም አለ። የቀባሁት ራሴ ነኝ።