አስከሬን የማድረቅ አገልግሎት ፈቃድ ከየት ይጠየቃል?

በሙያውም ሆነ በሕጉ ዕውቀት ላላችሁ ሁሉ፣

በምሥራቅ ጎጃም የሬሳ ሣጥን በማዘጋጀትና አስከሬን በማጓጓዝ የምተዳደር ነጋዴ ስሆን፣ አስከሬን የማድረቅ፣ ማለትም እንዳይበሰብስ በመድኃኒት የማቆየት፣ አገልግሎት ለመጨመር አስቤ በፈቃዱ ጉዳይ ተቸግሬያለሁ። ሐሳቡ የመጣልኝ ባለፈው ግንቦት ከአዲስ አበባ አስከሬን ስናመጣ ነው፤ ዓባይ በረሃ ላይ መኪናው ተበላሽቶ ለሰዓታት ስንቆም፣ መድኃኒት ስላልተደረገበት ሽታው በርትቶ፣ ልጆቹ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ከሣጥኑ አጠገብ ዕጣን ያጨሱ ነበር።

የብቃት ማረጋገጫ የሚጠየቅባቸው ሥራዎች ማረጋገጫውን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሳያገኙ የንግድ ፈቃድ እንደማይሰጣቸው ከንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ተረድቻለሁ። ጭንቀቴ «የሚመለከተው» ማን እንደሆነ ነው፤ አንዱ መሥሪያ ቤት «ይህ የጤና ሥራ ነው» ብሎ ሲልከኝ፣ ሌላው «ጤና ተቋም አይደለህም» ብሎ ይመልሰኛል። አስከሬን ማቃጠልም ታስቦ እንደሆነ የጠየቀኝ ሠራተኛም አለ፤ በጎጃም ይህን ማን ደፍሮ ያነሣዋል!

ለማድረቂያ የሚውለው ፎርማሊን የተባለ ኬሚካል እንፋሎቱ ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል፣ በውስጡ ያለው ፎርማልዲሃይድም ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበ በመሆኑ፣ ያለ በቂ አየር ማስወጫና የፍሳሽ ማጠራቀሚያ በጓሮ ልጀምረው አልፈልግም። ስለዚህ ከሆስፒታል ውጭ ይህን ሥራ በሕጋዊ መንገድ የጀመረ ካለ፣ የብቃት ማረጋገጫውን ከማን እንዳገኘ፣ በየትኛው የንግድ መደብ እንደተመዘገበና ለባለሙያው ምን ዓይነት ትምህርት እንደተጠየቀ እንዲገልጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።